ማክሰኞ የሚመጡ እናቶች

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2

ሲስተር ሳብሪን የሰጠችኝ ቅጽ ላይ ስለ ሕፃኑ የሚጠየቀው ብዙ ነው፤ ክብደቱ፣ ክትባቱ፣ በቀን ስንቴ እንደሚጠባ፣ ስንቴ እንደሚቀየር። ስለ እናትየው ያለው ቦታ ግን አንድ ጣት አያህልም። «እሷ ላይ ደህና ናት ወይም ደህና አይደለችም ብለሽ ጻፊ፤ በቃ» አለችኝ። ሌላ የሚጻፍ ነገር ቢኖርስ ብዬ አልጠየቅኳትም። ወደ ቤት ስመለስ ግን ይህን ደብተር ገዛሁ።

ከካይሮ ራቅ ባለው ሆስፒታላችን ማዋለጃ ክፍል አንሶላ ሳጥብና ወለል ስወለውል አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። አሁን ደግሞ ከክትባት ክፍሉ አጠገብ ባለችው ክፍል አዳዲስ እናቶች በየማክሰኞው እየተሰበሰቡ ይነጋገራሉ ተባለ። ሳብሪን ትመራለች፤ እኔ ስም እመዘግባለሁ፣ ስለ አራስና ስለ ሕፃን ከሚናገር መጽሐፍ አነብላቸዋለሁ። «ለምን እኔን መረጥሽ?» ብላት፣ «አንቺ ዝም ስለምትዪ ሰው ይነግርሻል» አለችኝ። ልታሞግሰኝ ነው ያለችው።

ማንበብ ያስተማረኝ ሰው የለም። ባሌ መሕሩስ ከሞተ በኋላ ፉል የሚጠቀለልበትን ጋዜጣ ዘይቱን እየጠረግኩ፣ ፊደል በፊደል ነው የለመድኩት። ሰው ፊት ሳነብ እስከ ዛሬ እጄ ይንቀጠቀጣል።

ሰባት እናቶች መጡ። «ልጅሽ ሲተኛ አንቺም ተኚ» ይላል መጽሐፉ። ይህን ስል መንታ የወለደችው ነግላ እጇን አወጣች።

«እትዬ ንእማት፣ እስቲ ገጹን ገልብጪው፤ የኔዎቹ በፈረቃ ነው የሚሠሩት። አንዱ ሲተኛ ሌላው ሥራ ይገባል!»

ሁሉም ሳቁ። ከግድግዳው ሥር የተቀመጠችው ልጅ ብቻ አልሳቀችም። ሀያም ትባላለች። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ሩቀያ የምትባለው ልጇ ዛሬ አሥር ቀኗ። ባሏ ኩዌት ነው። ያመጣቻት አማቷ ሐጃ ፊክሪያ አጠገቧ ተቀምጣ ለሚጠየቀው ሁሉ ትመልሳለች።

«እንቅልፍ ታገኛለሽ ሀያም?» አለቻት ሳብሪን።

«ትተኛለች» አለች ፊክሪያ።

«ምግብስ?»

«በየቀኑ እርግብ አርጄ ነው የማበላት። የኔ እናት እንኳ እንዲህ አላረሰችኝም።»

አንድ ጣት በማታህለው ቦታ ላይ «ደህና» ብዬ ጻፍኩ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ዛሬ ፊክሪያ ክትባት ክፍል ወረፋ ስትይዝ ሀያም «ልጄን ለአፍታ ያዢልኝ» አለችኝና እጇን ለመታጠብ ሄደች። ብዙ ቆየች። ሄጄ ባያት ቧንቧው ክፍት ነው፤ እሷ ግን ውሃው ሲወርድ ቆማ ታያለች። እጇ ደረቅ ነው።

«ኧረ ቅዝቃዜ ነው፣ ነይ» አልኳት።

ልጇን በእቅፌ አየቻት። «አንቺ ላይ ታምራለች» አለች። «ብትወስጂያት ይሻላታል። የምሬን ነው። እኔ ዘንድ ምን አላት?»

ፈገግ ብላ ነው ያለችው። እኔም ፈገግ አልኩ። «ድካም ነው የኔ ልጅ፣ ያልፋል» አልኳት። ድካም ነው እኮ። የወለደች ሴት ምን የማትለው አለ።

«ደህና» ብዬ ጻፍኩ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ቀኑን ሙሉ ልብስ ሳጥብ ዋልኩ። የሀያም ፈገግታ ከዓይኔ አልጠፋ አለኝ። ድካም ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

ፈጥኜ ልጻፈው።

ጠዋት ጎረቤቴ እሜቴ ዘይነብ ተቀበረች። ከመቃብር በቀጥታ ወደ ሆስፒታል። ልብስ ልቀይር ብል አረፍዳለሁ። በጥቁሩ ቀሚሴ፣ ጫማዬ ላይ የመቃብሩ አቧራ እንዳለ ከእናቶቹ መካከል ተቀመጥኩ። እንዴት አላሰብኩትም? ከሰው ሁሉ እኔ እንዴት አላሰብኩትም?

በእኛ አገር ከብሳ ይሉታል። አራስ አርባ ቀኗ ሳይሞላ ከቀብር የመጣ ሰው ከገባባት፣ ወይም ጥሬ ሥጋ የያዘ፣ ወይም ገና የተላጨ ወንድ፣ ወተቷ ይደርቃል ነው የሚባለው።

ስንበተን ሀያም ክንዴን ያዘችኝ። ፊክሪያ ከበሩ ውጪ ከነግላ ጋር ስለ መንታ ትከራከራለች። ሀያም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፦

«እትዬ ንእማት፣ እሑድ ለት የቦዩ ድልድይ ላይ ራሴን አገኘሁት። ልጄን ታቅፌ። እንዴት እንደሄድኩ አላውቅም። ጫማ አላደረግኩም ነበር።»

«ማን መለሰሽ?»

«ማንም። አለቀሰችብኝ፣ ተመለስኩ።» ክንዴን ጠበቅ አደረገችው። «ለማንም እንዳትነግሪ። ልጄን ይነጥቁኛል፤ ባሌም ይፈታኛል። በልጄ ማዪልኝ።»

ማልኩላት። ምን ላድርግ? ማልኩላት።

በዚህ መሃል ፊክሪያ ዞር አለችና ከጫማዬ ጀምሮ እስከ ሻሼ አየችኝ። «አንቺ ሴትዮ፣ ከየት ነው የመጣሽው?»

«ከቀብር» አልኳት። ውሸት አልችልም።

ሀያምን ከክንዴ መንጭቃ ወሰደቻት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18

ፊክሪያ መጣች። ማዋለጃ ክፍል ውስጥ አንሶላ ስሰበስብ አገኘችኝ።

«ደረቀ! ደስ አለሽ? ከማክሰኞ ጀምሮ ጠብታ የለም። የራስሽን ቤት ባዶ አስቀርተሽ የሰው ቤት ልታደርቂ ነው የመጣሽው?»

አንዲት ነርስ «ሐጃ፣ እዚህ በሽተኛ አለ» አለቻት።

«አሁን ገና አንድ በሽተኛ ጨመረችልሽ!» ብላ ወጣች።

አንሶላውን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። እውነቷን ነው ብዬ ነው የማስበው። ሳብሪን ብትሰማ ትስቅብኛለች።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 23

ሀያም አልመጣችም።

እኔ ደግሞ አልገባሁም። ግራጫ ቀሚስ ለብሻለሁ፣ ሁለት ጊዜ ታጥቤያለሁ፤ ቢሆንም ኮሪደሩ ላይ ወንበር አውጥቼ በበሩ ክፍተት አነበብኩላቸው። ነግላ «ሬዲዮ ሆነሻል እንዴ?» ብላ አሳቀቻቸው።

ሲያልቅ ሳብሪን አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። «ምን ሆነሻል?» ስለ ከብሳው ነገርኳት። አልሳቀችም። ወተት የሚቀንሰው እናት ስትፈራ፣ ሳትበላ፣ ልጁ ሳይጠባ ሲቀር ነው ብላ ረጋ ብላ አስረዳችኝ። መጽሐፉ ላይም አለ፤ እኔው ነኝ ያነበብኩላቸው፣ ገጽ አሥራ አራት።

«ሀያም ሌላ የነገረችሽ ነገር አለ?» አለችኝ።

«የለም» አልኳት።

ውሸት አልችልም ብዬ ጽፌ ነበር።

ረቡዕ፣ ኅዳር 24

ዛሬ ፈረቃዬ አይደለም። ዝናብ ቢጤ ጣለ፤ መንገዱ ጭቃ ነው፣ የትም አልሄድም። ስለ እህቴ ስለ ሱዓድ ልጻፍ። ከጻፍኩት ምናልባት ይለቀኛል።

መሕሩስ ከሞተ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነው። በስምንተኛው ቀን ለነፍሱ የሚታደለውን ዳቦ መቃብር ላይ አድዬ ስመለስ ሱዓድ ወንድ ወለደች ተባልኩ። እህቴ ናት፤ ልቤ ወደ እሷ ሮጠ። ጥቁሬን እንደለበስኩ፣ በእጄ የተረፈ ዳቦ እንደያዝኩ ገባሁ። አማቷ ጮኸች። እኔ ግን ገብቻለሁ።

በሦስተኛው ቀን ወተቷ ደረቀ ተባለ። አዋላጇ የሩዝ ውሃ ስጡት አለች፤ የሩዝ ውሃ ሰጡት። ከዚያ ስኳር በውሃ። ልጁ ሂሻም ይባል ነበር። በሃያ ስድስተኛው ቀን ሞተ። እንደ ወፍ ጫጩት ቀሎ ነበር።

ማንም በግልጽ አንቺ ነሽ አላለኝም። ሱዓድ ከባሏ ጋር እስክንድርያ ገባች። በበዓል በበዓል እንደዋወላለን። እኔም ከዚያ ወዲህ አራስ ቤት ረግጬ አላውቅም። ሆስፒታል ሥራ ስይዝ «ይህ የአራስ ቤት አይደለም፣ የሕዝብ ቦታ ነው» ብዬ ራሴን አታለልኩ።

ያን ቀን ሱዓድ የሆነ ነገር ብላኝ ነበር። ሁላችንም ስንወጣ እኔን ለብቻዬ ቀሚሴን ይዛ። ቃሉን አላስታውሰውም። አራስ ብዙ ትላለች።

ጥፋቴ ጥቁር ለብሼ መግባቴ ነው። እሱ ነው ጥፋቴ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 30

ዛሬም አልመጣችም።

ክትባት ክፍል የምትሠራው ልጅ ነገረችኝ፦ ፊክሪያ ትናንት ሩቀያን ብቻዋን ይዛ መጥታ አስመዘነች። ከሦስት ሳምንት በፊት ከነበረችው ሦስት መቶ ግራም ቀንሳለች። «ምን እየሰጣችኋት ነው?» ስትላት፣ «የሩዝ ውሃ» አለቻት።

እናትየውስ? ብዬ ጠየቅኩ።

«ተኝታለች ነው የምትለው። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች፣ ሰው ማየት አትፈልግም።»

ሳብሪን ስልክ ደውላ ነበር፤ ፊክሪያ «ደህና ናት» ብላ ዘጋችባት።

ምያለሁ። በልጇ ስም ነው የማልኩት። ቃል የሚያፈርስ ሰው ምን ይሆናል? ደግሞስ ደህና ብትሆንስ? ከነገርኩ በኋላ ባሏ ቢፈታትስ? ልጅቷን ቢነጥቋትስ? በኔ እጅ ሁለተኛ ቤት ሊፈርስ ነው።

የሩዝ ውሃ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 1

ሳይነጋ ተነስቼ ሳብሪን ፈረቃ የምትገባበት በር ላይ ቆምኩ። ብርድ ነበር። ስትመጣ «ሰላም» እንኳ ሳልል ስለ ድልድዩ ነገርኳት።

ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀመጠች። «ይህን ከሰማሽ ስንት ቀንሽ ነው?»

«አሥራ አምስት።»

ፊቷ ተለወጠ። ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን «ነይ» ብቻ ብላ ባጃጅ አስቆመች።

የሀያም ቤት ከገበያው ጀርባ ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ። ፊክሪያ በሩን ገርበብ አድርጋ በሰውነቷ ሞላችው።

«ተኝታለች። ነገ አርባዋ ይሞላል፤ ከነገ ወዲያ ኑ።»

«ሐጃ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ» አለች ሳብሪን። «ልጅቷን ላያት።»

«አርባዋ ሳይሞላ ማንም አይገባባትም! በተለይ ይቺ!» በጣቷ እኔን። «ይቺ ሞት ተከትሏት ነው የሚዞረው።»

ሳብሪን ስለ ክብደቱ ማስረዳት ጀመረች። ፊክሪያ በሩን መግፋት ጀመረች። ያኔ አፌ ተናገረ።

«ሐጃ፣ እኔ አልገባም። ደፍሽን አልረግጥም። እሷ ትውጣልኝ። ከብሳ የሚፈታው አራሷ ራሷ ልጇን ይዛ ወደ ገባባት ሰው ስትወጣ አይደል? ትውጣና ደፉ ላይ ታግኘኝ፤ ከዚያ ትመለስ። ወተቱን የዘጋሁት እኔ ከሆንኩ፣ በኔው ይከፈት። እናትሽም እንዲህ ነበር የምታደርገው።»

ፊክሪያ ትኩር ብላ አየችኝ። የእሷም እናት እንደ እናቶቻችን ሁሉ እንዲህ ታደርግ እንደነበር እንዳወቅኩባት ገባት። ሴትየዋ የምትፈራው ልክ እኔ የምፈራውን ነው። አምኜበት ነው ያልኩት ወይስ ሀያምን ለማውጣት ብቻ? እስካሁን አልለየሁትም።

«ሀያም!» ብላ ወደ ውስጥ ተጣራች። «ልጅሽን ያዢና ውጪ!»

አትወጣም ብዬ ነበር። ብዙ ጠበቅን። ከላይ ፎቅ አንድ ሰው ምንጣፍ ያራግፋል፤ አቧራው ደረጃው ላይ ይወርዳል። ከዚያ መጣች፤ ግድግዳውን በትከሻዋ እየተደገፈች፣ ባንድ እግሯ ካልሲ፣ ፀጉሯ ከፊቷ ተጣብቆ። ሩቀያን ከደረቷ አርቃ ነው የያዘቻት፣ የሰው ዕቃ እንደሚያዝ።

ደፉ ላይ ቆመች። እኔ በዚህ፣ እሷ በዚያ።

«ነግሬብሻለሁ» አልኳት።

«ለማን?»

«ለሳብሪን።»

ለማልቀስ እንኳ አቅም አልነበራትም። ጉልበቷ ከዳት። ሳብሪን ልጅቷን ተቀበለች፤ እኔ ሀያምን ያዝኩ። ያኔ እግሬ ከደፉ ወዲያ ማዶ መሆኑን ያየ የለም፤ እኔም አላየሁም።

ሳብሪን ወለሉ ላይ ተንበርክካ፣ ስለ ክትባት እንደምትጠይቅ ዓይነት በተራ ድምፅ፣ «ሀያም፣ ወደ ቦዩ የመሄድ ሐሳብ አሁንም ይመጣብሻል?» አለቻት።

ሀያም ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

ከኋላችን ፊክሪያ፣ «የትኛው ቦይ?» አለች። «የምን ቦይ ነው የምታወሩት?» ድምፅዋ እየቀጠነ ሄደ። ከዚያ የሀያምን ሌላኛውን ካልሲ ፍለጋ ገባች።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 3

ሀያም ሆስፒታል ተኝታ ትታከማለች። ሩቀያም አጠገቧ ናት፤ አልነጠቋትም። የአእምሮ ሐኪሟ ሴት ናት፣ ከካይሮ የመጣች፣ ቀስ ብላ የምታወራ። ሀያም መድኃኒት ጀምራለች።

አንሶላ ልቀይር ስገባ ፊቷን አዞረች።

«ምለሽልኝ ነበር።»

«አዎ።»

«ውጪልኝ።»

ወጣሁ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 9

ሩቀያ ሁለት መቶ ግራም ጨመረች። ሳብሪን ጡትና ዱቄት ወተት አጣምረው እንዲሰጧት አስተካክላለች።

ፊክሪያ ኮሪደሩ ላይ ናት፤ አሥር ቀን ሊሞላት ነው ከዚያ ወንበር ሳትነሳ። ውሃ ሰጠኋት። ተቀበለች።

«ሰባት ወልጃለሁ» አለችኝ፣ እኔን ሳታይ። «እንደ እሷ የሆንኩበት ጊዜ ነበር። በሦስተኛው ልጄ። ‘ተነሽና ሊጥ አቡኪ’ ተባልኩ፤ ተነስቼ አቦካሁ። እሷም ትነሳለች ብዬ ነው።»

አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ሀያም አሁንም አታናግረኝም። ልክ ናት።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 13

ለሱዓድ ደወልኩ።

«ማን ሞተ?» አለችኝ ገና ስታነሳው። በዓል ባልሆነ ቀን ደውዬላት አላውቅም።

ማንም አልሞተም አልኳት። ስሟን ሳልጠራ ስለ ሀያም ነገርኳት፤ አንዲት ልጅ አለች፣ እንዲህ ሆነች ብዬ። እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ ደብተሬ ላይ አላስታውሰውም ብዬ የጻፍኩትን ቃል ነገርኳት። ሁልጊዜም አስታውሰዋለሁ። ቀሚሴን ይዛ «ይህን ልጅ ከእኔ አርቂው፣ እጄን አላምነውም» ነበር ያለችኝ። እኔም «ድካም ነው» አልኳትና ወጣሁ። ለእናታችን አልተናገርኩም። ለማንም አልተናገርኩም።

«ሰምተሽኝ ነበር ማለት ነው» አለች ሱዓድ።

«ሰምቼሻለሁ።»

«በልቤ ያልኩት መስሎኝ ነበር።» ትንፋሽዋ ይሰማኛል። ከኋላዋ የመኪና ጡሩምባ ይጮሃል። «ንእማት፣ ወተቴ አልደረቀም ነበር። ቀሚሴ እስኪርስ ይፈስ ነበር። ደረቀ ያልኳቸው እንዳላቅፈው ነው። ባንቺ ሲያላክኩ ዝም አልኩ። አንቺ ባል የሞተብሽ ነሽ፣ አንድ ነገር ቢጨመርብሽ ምን አለ ብዬ።»

ልቆጣ ይገባኝ ነበር። ፈለግኩት፤ አላገኘሁትም።

ሁለታችንም ስልኩን አልዘጋንም። የማን ባትሪ ቀድሞ እንዳለቀ አላውቅም።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 21

ከዚህ ሥራ አንሺኝ አልኳት ሳብሪንን። «እኔ አሥራ አምስት ቀን የጠበቅኩ ሰው ነኝ። በአሥራ አራተኛው ቀን አንድ ነገር ሆኖ ቢሆንስ?»

«እሱን እኔም አስቤዋለሁ» አለች። አላጽናናችኝም። «በሚቀጥለው ማክሰኞ ነይ፤ ከዚያ እናያለን።»

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 28

አሥራ አንድ እናቶች። አራቱ አዲስ ናቸው። ዛሬ ወንበሬን ክፍሉ ውስጥ አደረግኩ፤ ግን በሩ አጠገብ።

ማንበብ ልጀምር ስል ሀያም ገባች። ከሆስፒታል ከወጣች ሳምንቷ ነው። ከስታለች፤ ፀጉሯን ግን ታጥባለች። ሩቀያ እቅፏ ውስጥ በፎጣ ተጠቅልላለች፣ ጉንጯ ቀልቷል። ፊክሪያ ከኋላዋ ቦርሳውን ይዛለች። ሀያም እኔን አልፋ ሄዳ ማዶ ተቀመጠች። መጽሐፉ ላይ ያለው መስመር ጠፋኝ።

ሳብሪን፣ «ዛሬ ማን ይጀምር?» አለች። እንደተለመደው ሁሉም ጫማውን አየ።

«እኔ» አለች ሀያም።

ስለ ድልድዩ ተናገረች። ሁሉንም አልነገረቻቸውም፤ የሚበቃውን ያህል ነገረቻቸው። ነግላ እንኳ አልቀለደችም። ከዚያ ሀያም ቀጥ አድርጋ በጣቷ እኔን አሳየቻቸው።

«ይቺን ሴትዮ ታያላችሁ? በልጄ ስም አስምያት ነበር። ለማንም አልነግርም ብላ ማለች። ከዚያ ሄዳ ነገረች።»

ዓይኔን ማንሳት አቃተኝ።

«እስካሁን ተቀይሜያታለሁ» አለች። «ይቅርም አላልኳትም። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ማናችሁም ብትሆኑ፣ ለሰው የማይነገር ነገር ከመጣባችሁ፣ ለእሷ ንገሯት። ምስጢር አትጠብቅም።»

አንዷ ሳቀች፤ ወዲያው አፏን ያዘች። ሀያም ልጇን አስተካክላ ማጥባት ጀመረች። ሳብሪን «ገጽ አሥራ አራት፣ እትዬ ንእማት» አለች። አነበብኩ።

ሲያልቅ ሁሉም ልጁን ጠቅልሎ ወጣ። ወንበሮቹን መደርደር ጀመርኩ። አንዲት አዲስ እናት፣ ስሟን እንኳ ገና ያልያዝኩት፣ በሩ አጠገብ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ማሰሪያ ታስራለች። አስራ ጨረሰች። ኮሪደሩን ግራ ቀኝ አየች። ከዚያ ፈታችውና እንደገና ማሰር ጀመረች።

ወንበሩን አስቀምጬ አጠገቧ ሄድኩ።